ሰፈፍ፣ አገዳና የበግ ፀጉር፦ ለገና ከልጆች ጋር የሚሠሩ የእጅ ሥራዎች

[ምስል፦ ማለዳ፣ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር። ከቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች በመንገዱ ያልፋሉ።]

ተራኪ፦
ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ታኅሣሥ ገብቷል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋቢ ሳይደርብ ከቤት የሚወጣ ጀግና ነው። ወደ ጊምባና ወረኢሉ፣ ወደ ደላንታና መቄት ስትወጡማ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሮ ያድራል። ምክንያቱ የሰማዩ ጥራት ነው። ደመና ሲኖር መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት በቀላሉ አትለቅም። በዚህ ወቅት ግን ደመና የለም፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጥና ብርዱ ለእኛ ይቀራል።

ብርዱ ደግሞ ልጆችን ቤት ያስቀምጣል። ከተቀመጡ ዘንድ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል።

[ምስል፦ የሱቅ መስኮት። የፕላስቲክ ዛፍ፣ የሚያብረቀርቅ ሪባን፣ ዛፉ ላይ የተበተነ ጥጥ።]

ሱቆቹ እንደምታዩት ለገና ተሰናድተዋል። የፕላስቲክ ዛፉ፣ ሪባኑ፣ በረዶ ነው ተብሎ ዛፍ ላይ የሚነሰነሰው ጥጥ፣ ሁሉም አለ። ጥጡን ባትበትኑት ደስ ይለናል፤ ለፈትል እንፈልገዋለን። ዛሬ የምንሠራባቸው ዕቃዎች ወቅቱ ራሱ ወሎ ውስጥ ለሌላ ሥራ ውሎ የሚተርፋቸው ናቸው። ከጠጅ የሚቀር ሰፈፍ፣ ከነዶ የሚመዘዝ አገዳ፣ ከበግ ጀርባ የሚሸለት ፀጉር። የሚገዛ ነገር ካለ ክርና ሳሙና ነው።

[ምስል፦ የሸክላ ጋን፣ አጠገቡ በሰፌድ ላይ ቡናማ ሰፈፍ።]

በጧፍ እንጀምር፤ ጊዜ የሚፈልገው እሱ ነው።

የገናን ሌሊት ላሊበላ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ጧፍ ይዞ ያነጋል፤ ሲነጋ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዐለት ላይና ከታች ካለው ግቢ ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ያ ሁሉ ጧፍ ከሰምና ከጥጥ ክር የተሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ ለመሥራትም የሚከብድ አይደለም።

ሰሙ ከየት ይመጣል? ጠጅ ስትጥሉ ማሩ ከነሰፈፉ ይገባል፣ ጠጁ ሲጠለል ሰፈፉ ይቀራል። ብርዝ የሚበጠበጥበትም ቤት እንዲሁ ነው፤ ማሩ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ሰፈፉ ይጣላል። ከጎረቤት ጠጅ ጣይ ዘንድ ሄዳችሁ «እትዬ፣ ሰፈፉን እንዳይጥሉብን» ብትሏቸው ከምርቃት ጋር ይሰጧችኋል።

ሰፈፉ ግን እንዲህ እንዳለ አይሆንም። የንብ ክንፍ አለበት፣ የጌሾ ስብርባሪ አለበት፣ ጠጅ ጠጅ ይላል። ስለዚህ ይጣራል። ሰፈፉን አሮጌ ድስት ውስጥ አድርጉና ውሃ እጥፍ ጨምሩበት። አሮጌ ድስት ያልነው ሰም የነካው ድስት ለወጥ ስለማይመለስ ነው፤ የቤቱን ምርጥ ብረት ድስት አንሥታችሁ ከእናት ጋር እንዳትጣሉ። በለስላሳ እሳት አሙቁት። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ከነትኩሱ በአቡጀዲ አጥልላችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ ጨምቁት። ይህን አዋቂ ይሥራው፤ ልጆቹ አቡጀዲውን ካጠቡና ካሰጡ ይበቃቸዋል።

[ምስል፦ በሳህን ውስጥ የረጋ ቢጫ ሰም ከውሃው ላይ ሲነሣ፣ ቅርብ ዕይታ። ሥሩ ጥቁር ነው።]

ከዚያ ተዉት፣ ይደር። ሰም ከውሃ ስለሚቀልል ከላይ ተንሳፎ ይረጋል፤ ቆሻሻው ከሥሩ ይዘቅጣል ወይም ታችኛው ገጹ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት እንዳያችሁት እንደ ክብ ቂጣ ሆኖ ይነሣል። ገልብጡትና ጥቁሩን በቢላ ፋቁለት። ማር ማር የሚሸት ቢጫ ሰም በእጃችሁ ቀረ ማለት ነው። አሁንም ጠቆር ያለ ከሆነ አንድ ዙር ድገሙት።

ቀጥሎ ክሩ ነው። የጥጥ ፈትል ይሁን። ናይለን አይሆንም፤ ናይለን ይቀልጣል እንጂ ሰም አይስብም። እንደ ፈትሉ ቅጥነት ከአራት እስከ ስድስት ሆኖ ይገመድ፣ ጥሩ ተደርጎም ይክረር። የክሩ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። እሳቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ የቀለጠው ሰም በክሩ ሽቅብ ይሳባል፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ይተንና የሚነደው ያ ትነት ነው። ክሩ ቀጭን ከሆነ ሰሙን መሳብ ያቅተውና ጧፉ ይሰጥማል፤ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ሲጨስ ያመሻል። ልኩን የምታውቁት አንድ አጭር ሠርታችሁ ለኩሳችሁ በማየት ነው።

አሁን ሰሙን እናቅልጠው። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ድስት ውስጥ ውሃ ጣዱ፣ ሰሙን ጣሳ ውስጥ አድርጉና ጣሳውን ውሃው ውስጥ አስቀምጡት። በደሴ ከፍታ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሰሙን ለማቅለጥ ይበቃል፣ እንዲቀጣጠል ለማድረግ ግን አይደርስም። የዘዴው ጥቅም ይኸው ነው። ድንገት ሰሙ እሳት ቢይዝ ውሃ አትድፉበት፤ ውሃው በቅጽበት ተንኖ የሚነደውን ሰም ይረጨዋል። ክዳን ጣሉበት፣ እሳቱን አጥፉ።

እሳት ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር። ብርድ ነው ብላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ አሳምሞ፣ አስተኝቶ ይገድላል። ምድጃው ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። በረንዳው ይበርዳል ካላችሁ መልካም፤ ጧፍ ብርድ ይወዳል፣ ቶሎ ይረጋል።

[ምስል፦ በረንዳ ላይ አያትና የልጅ ልጅ። ልጁ ክሩን በሁለት እጁ ይዞ ጣሳው ውስጥ ይነክራል።]

ክሩን ቀለጥ ያለው ሰም ውስጥ ንከሩት። መጀመሪያ ትናንሽ አረፋ ይወጣል፤ ክሩ ውስጥ የነበረው አየር ነው። አረፋው እስኪያልቅ ቆይታችሁ አውጡት፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ወጥሩት፣ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ ደግማችሁ ንከሩ፣ አሁን ግን ቶሎ አውጡት። ብዙ ካቆያችሁት የረጋው ሰም መልሶ ይቀልጣል። ስድስት ሰባት ጊዜ ሲነከር የስክሪቢቶ ቀፎ ያህል ይወፍራል።

ልጁ፦ እማማ፣ ጎረበጠብኝ እኮ።
አያት፦ አብሽር አባቴ። ሳይደርቅ ገበታው ላይ ዳምጠው፣ ቀስ ብለህ በመዳፍህ።
ልጁ፦ ተጣመመ።
አያት፦ ተጣሞም ይበራል፤ ማን ሊለካው ነው?

ተራኪ፦
እማማ እንዳሉት ነው። ለብ እንዳለ ለስላሳ ገበታ ወይም ጣውላ ላይ በመዳፍ ሲዳመጥ ጉርብጥብጡ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ተጋድሞ ይቀመጥ።

[ምስል፦ ደጋ ላይ አውድማ። የገብስና የስንዴ ክምር። በሬዎች እበራይ ላይ ይዞራሉ።]

ጧፉ እየረጋ ወደ አገዳው እንሂድ።

ታኅሣሥ በደጋው የአጨዳና የውቂያ ሰሞን ነው። የስንዴ አገዳ ወርቅማ፣ ቀጥ ያለና ውስጡ ባዶ ነው፤ ለጌጥ ከእሱ የሚሻል የለም። የገብሱ ለስለስ ይላል፣ ለልጅ እጅ ይመቻል። የጤፍ ቀጭን ነው፣ አይሆንም። ጭድ የሚሸጥ ዘንድ እንዳትሄዱ፤ ጭድ በበሬ ኮቴ ተረግጦ የደቀቀ አገዳ ነው። እኛ የምንፈልገው ሳይወቃ ከነዶው የተመዘዘ አንድ ጭብጥ ነው። ገጠር ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞ ይላክበት፤ ለአንድ ጭብጥ አገዳ ማንም ገበሬ ፊቱን አያጠቁርም።

[ምስል፦ ቅርብ ዕይታ። ጣቶች አገዳውን በአንጓዎቹ መካከል በመቀስ ይቆርጣሉ።]

አገዳው አንጓ አንጓ አለው። በአንጓዎቹ መካከል ያለውን ብቻ ቁረጡ፤ አንጓው ያለበት ወፍራምና ጎርባጣ ስለሆነ ኮከቡን ያዛባዋል። አራት እኩል አገዳ፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር ቢሆን ይበቃል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ደረቁን ልታጥፉት ብትሞክሩ ቋ ብሎ ይሰነጠቃል፤ የተዘፈዘፈው ግን ይለመጣል።

ሁለቱን አገዳ በመስቀል አጋድሙ። ሌሎቹን ሁለቱን በሰያፍ ከላይ አድርጉ። ስምንት ጨረር ይኖራችኋል። መኻሉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑትና ክሩን በአንዱ ላይ፣ በሚቀጥለው ሥር፣ እንደገና በላይ፣ እንደገና በሥር እያሳለፋችሁ ዙሩ። ዙሩ ሲያልቅ ክሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ከጀርባ ቋጥሩት። ጠበቅ ያልነው አገዳው ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ነው፤ ላላ ተደርጎ የታሰረ ኮከብ በሦስተኛው ቀን ይፈታል። ጫፎቹን በመቀስ እኩል አድርጓቸው፣ ወይም እንደ ልባችሁ ሰያፍ ቁረጧቸው። ቀይ ክር ካላችሁ ቢጫው አገዳ ላይ ያምራል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ማሰሩ ላይ እገዛ ይፈልጋል፤ ዐሥር ከሞላው ዞር በሉለት፣ ራሱ ይወጣዋል።

የት ይሰቀል? ጽድ ቅርንጫፍ ላይ ብዙ ቤት ይሰቅለዋል። አንድ ቅርንጫፍ በቂ ነው፤ አንድ ጽድ ከሰው ቁመት ለማለፍ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ዛፍ የተከለ ያውቀዋል፣ እናም ለዐሥራ አምስት ቀን ጌጥ ከሥሩ መጣል ለእኛ አይዋጥልንም። መስኮት ላይ፣ በር ጉበን ላይ፣ ከመሶቡ በላይ ካለው ግድግዳ ላይም ይሆናል። የአገዳ ኮከብ ደግሞ የገና ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ አንዱ ቤት ገናም መውሊድም ያውቃል፤ የመውሊድ ቀን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደኋላ እየተሳበ ከበጋ ወደ ክረምት ይዞራል፤ ኮከቡ ግን ከአምና ቢቀመጥም ያው ነው። ብቻ ከጧፉ ይራቅ። ደረቅ አገዳና የሚነድ ጧፍ አንድ ጥግ ላይ አይቀመጡም።

የተረፈውን ቁርጥራጭ አገዳ አትጣሉት። በምላጭ ሰንጥቃችሁ ዘርጉትና ካኪ ወረቀት ላይ በዱቄት ሙጫ ለጥፉት፤ ካርድ ሆነ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እስኪወፍር ማማሰል ነው ሙጫው። አይጥ ስለሚወደው ካርዱን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

[ምስል፦ የተሸለተ የበግ ፀጉር ክምር፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ። አንዲት ሴት በደጋን ትነድፋለች።]

አሁን ልጆቹ የሚጠብቁት መጣ። ሩር።

ሩር የገና ጨዋታ ኳስ ነው፤ ገና ያለ ሩር ገና አይባልም። ዋናው ሩር ከእንጨት ወይም ከጠፍር ይሠራል፤ ለጎረምሶች ሜዳ ጥሩ ነው፣ ለግቢና ለመስኮት ግን አደጋ ነው። ለትንንሾቹ የሚሆን ከበግ ፀጉር እንሠራለን። ሲመታ ይሄዳል፣ ሰው ላይ ቢያርፍ ግን አያቆስልም።

የደጋው ሰው ከዚህ ፀጉር ባና እና ዝተት የሚባሉ የብርድ ልብሶች ያሠራል፤ ስለዚህ ፀጉር ማግኘት አያስቸግርም። ያገኛችሁትን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፉ። አትሹት! እየተጫናችሁ ብቻ አጥቡት፣ ቅባቱና አፈሩ ይልቀቅ። አውጥታችሁ አስጡ፣ ሲደርቅ ደጋን ያለው በደጋን ይንደፈው፣ የሌለው በጣቱ ያፍታታው። ልጆች ማፍታታቱን ሲወዱት!

ከወዲሁ ቀለም ልስጠው የሚል ካለ እርድ አለ። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርድ በጥብጣችሁ አሙቁ፣ ያረጠባችሁትን ፀጉር ክተቱ፣ ሳይፈላ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ደማቅ ቢጫ ይወጣል። የእርድ ቀለም ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል፤ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ለእኛ ዐይን ግን ጥቁርና ነጭ ፀጉር ተደራርቦ ሳይቀለም የሚወጣው ዥንጉርጉር ይበልጣል።

[ምስል፦ ቅርብ ዕይታ። አሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል። በላዩ ፀጉር ይለበሳል።]

የውስጡ ፍሬ አሮጌ ካልሲ ይሁን። ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና በክር ዙሪያውን እሰሩት፤ የጨርቅ ኳስ ሠርቶ ለማያውቅ ወሎዬ አናስረዳም። የብርቱካን ያህል ሲሆን ፀጉሩን ስስ ስስ አድርጋችሁ አልብሱት። የመጀመሪያው ንብር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው በመስቀለኛ፣ ሦስተኛው እንደገና እንደ መጀመሪያው። ካልሲው ጨርሶ እስኪሸፈን። አሁን እጅ በሚችለው ሙቅ የሳሙና ውሃ አርጥቡትና በሁለት መዳፋችሁ መካከል አንከባልሉት።

መጀመሪያ በዝግታ ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ልጅ አይጠፋም፤ ገና ሳይያያዝ ከጨመቃችሁት ፀጉሩ ይጨማደድና ስንጥቅ ያበጃል። ለአምስት ደቂቃ ያህል እንደ ዕንቁላል ያዙት። ቆዳው ሲጠብቅ ሲሰማችሁ ኃይል ጨምሩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ በሙቁ ለውጡ። ሃያ ደቂቃ፣ ምናልባትም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የእኛ አገር በግ ፀጉር ሸካራ ስለሆነ ቶሎ እጅ አይሰጥም። ቤተሰቡ እየተቀባበለ ያንከባልለዋል።

ለምን ይያያዛል? የፀጉሩ ገጽ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተደራረቡበት ነው። ሙቀትና ሳሙና ቅርፊቶቹን ከፈት ያደርጓቸዋል፣ ማሸቱ አንዱን ፀጉር በሌላው ውስጥ ያሾልከዋል፣ ከዚያ ወዲያ ወደኋላ መመለስ የለም። ፀጉሩን ስናጥብ አትሹት ያልነውም ለዚህ ነው። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ለልጅ እንኳ የማይሆን ሆኖባችሁ ከሆነ ይኸው ነገር ነው የደረሰባችሁ።

ሲጠነክር በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፣ አንድ ጊዜ በሙቅ፣ እንደገና በቀዝቃዛ። ጨምቁና ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ውስጡ ካልሲ ስላለበት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ላዩ ደረቀ ብላችሁ ካነሣችሁት ይሻግታል።

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ ልጆች ዱላ እያነጻጸሩ።]

ዱላው አጭር ወሬ ነው። ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ ደረቅ ቅርንጫፍ ፈልጉ፤ ወይራ ከተገኘ ጥሩ ነው። ከልጁ ወገብ አይብለጥ። ልጣጩን ልጡት፣ እሾህና ጉጡን በቢላ አስተካክሉ፣ መያዣው ላይ ጨርቅ ጠምጥሙ። በሁለት ወገን ይከፈላሉ፣ ሩሯን እየለጉ ወደ ሌላው ወገን ድንበር ያሻግራሉ። ዱላ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ ከወዲሁ ተስማሙ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ቢሆንም የጎረቤቱ ልጅ ቅልጥም ቢመታ እናቱ አጥር ላይ ብቅ ማለቷ አይቀርም። ሩር ለመለጋት ደግሞ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የሼሁም የቄሱም ልጅ አንድ ሜዳ ላይ ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ጧፍ፣ የአገዳ ኮከብና ሩር። ተራኪው ወደ ካሜራው ይመለከታል።]

መቼ እንጀምር ለምትሉ፣ ሰፈፉን ቶሎ ጠይቁ፤ ማጣራቱ አንድ ሌሊት ይወስዳል፣ ከጠቆረ ሁለት። ሩሩ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ከታኅሣሥ ገብርኤል፣ ከ19 በፊት ይያዙ። ኮከቡ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ለዋዜማም ይደርሳል። በዘመነ ዮሐንስ ገና 29 መሆኑ ቀርቶ ታኅሣሥ 28 ላይ እንደሚውል አትርሱ፤ የቀን መቁጠሪያውን አይታችሁ አንድ ቀን አሳንሱ።

ሰፈፍ ያጣችሁ ከአስተያየት መስጫው ላይ ሰፈራችሁን ጻፉልን፤ አቅራቢያችሁ ጠጅ የሚጥል ሰው የሚያውቅ ይጠቁማችሁ።